የጳጳሱ እርሳስና የኔ ፒንሳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ሰሞን ያወጣችሁት አንድ ፎቶ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ፎቶው የአንድ የጥንት የቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ጳጳስ የእርሳስ ማኅተም ነው። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ ጠርዟ የተጨፈለቀ፣ ግራጫ ነገር። ከሥሯ ሁለት መስመር ጽፋችሁ አለፋችኋት። የልጅ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ጋዜጣውን ከእጄ ወሰደችና አየት አድርጋ «አባባ፣ በእርሳስ ከሆነ በላጲስ አይጠፋም?» አለችኝ።

ልጅቷ ወድዳ አይደለም። በአማርኛችን መጻፊያውም እርሳስ ነው፣ ማዕድኑም እርሳስ ነው። ተነሣሁና የድሮ የሥራ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ከታች፣ ከአሮጌ ብሎኖች ጋር፣ አራት አምስት ያልተጨመቁ ማሸጊያ እርሳሶች ቀርተውኛል። አንዷን ሰጠኋት። ያቺን ታህል ሆና መክበዷ ገረማት። ጥፍሯን ስትጭንባት ጭረቱ ቀረ። ወረቀት ላይ ስትጎትታት ግራጫ መስመር አወጣች። «ይኸውልሽ፣ ይህኛው ነው እርሳሱ» አልኳት። «ላጲስ አይነካውም። ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብሮም ይገኛል።» ከዚያ እጇን በሳሙና አስታጠብኳት። እርሳስ መርዝ ነው፣ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም።

እኔ የመብራት ቆጣሪ ገጣሚ ነበርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ደብረ ሲና፣ ሞላሌ፣ አንዳንዴም እስከ መሐል ሜዳ። የቆጣሪው ክዳን ከተገጠመ በኋላ ቀጭን ሽቦ በብሎኑ ቀዳዳ ይሾልካል። የሽቦው ሁለት ጫፍ እርሳሷ ወገብ ላይ ባለው ቀዳዳ ያልፋል። ከዚያ በፒንሳ ትጨመቃለች። ፒንሳው ታዲያ ተራ ፒንሳ አይደለም። በሁለቱ መንጋጋዎቹ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል። ጭምቅ ስትደረግ ቀዳዳዋ ሽቦውን ነክሶ ይዘጋል፤ ፊቷ ላይም ቁጥሩ ይታተማል። ከዚያ ወዲያ ሽቦውን ሳይቆርጥ ወይም እርሳሷን ሳያበላሽ ቆጣሪውን የሚከፍት የለም። በኅዳር ውርጭ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ እርሳሷ እጅ ስትሰጥ በመዳፌ ይታወቀኝ ነበር።

ፎቶውን ሳይ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። የጳጳሱ ማኅተም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ጠርዟ ላይ የክሩ መውጫ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ያን የሚያውቅ ሰው ካልነገረ አንባቢ እንደ ሳንቲም ቆጥሮ ያልፋታል ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አደርገዋለሁ፤ የኛውን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። ክብ ሆኖ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ቀዳዳ ይተውለታል። ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ ይታጠፍና በክር ይታሰራል። የክሩ ጫፍ በእርሳሱ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ «ቡሎቲሪዮን» በሚሉት የብረት መሣሪያ መንጋጋ መሃል ተቀምጦ በመዶሻ ይመታል። መሣሪያው እጀታው የረዘመ ፒንሳ ነው የሚመስለው። በአንዱ መንጋጋ ምስል፣ በሌላው ጽሑፍ፣ ሁለቱም ተገልብጠው ተቀርጸዋል። አንድ ምት። ቀዳዳው ክሩን ውጦ ይዘጋል፣ የባለቤቱ ስምም በእርሳሱ ላይ ይቀራል። ደብዳቤው ለደረሰው ሰው እርሳሷ ከክሩ ጋር ትንጠለጠላለች፤ መስቀል በማተብ እንደሚንጠለጠለው።

አማርኛችን ሁለት ቃል አለው፤ ማሸግና ማተም። የታሸገ ነገር ማንም አይከፍተውም። የታተመ ነገር ባለቤቱ ይታወቃል። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ክብ ማኅተም ሲመታ ወረቀቱን ያትመዋል እንጂ አያሽገውም። ያችኛዋ እርሳስ ግን በአንድ ምት ሁለቱንም ታደርጋለች። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ማንም አላነበበውም፤ የላከውም እገሌ ነው። የኔም እርሳስ ለሃያ ሰባት ዓመት ያለችው ይህንኑ ነው።

እዚያ አገር ማኅተም የነበረው ንጉሥና ጳጳስ ብቻ አልነበረም። ወታደሩ፣ ቀራጩ፣ ዳኛው፣ ተራው መነኩሴም ሳይቀር ያስቀርጽ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለታላቅ ጉዳይ በወርቅ ያትማል። የሮማ ፓፓም የሚያትመው በእርሳስ ነበር፤ ላቲኖች «ቡላ» ይሉታል፣ የደብዳቤውም ስም ከዚያው መጣ። ብራናው በእሳትም በብልም አለቀ። እርሳሱ ግን ቀረ። ዋሽንግተን ያለው ደምባርተን ኦክስ የሚባል ተቋም ብቻውን ወደ 17,000 የሚጠጋ ማኅተም ይዟል። ቡሎቲሪዮኖቹ ራሳቸው ግን የተገኙት ጥቂት ናቸው። አንድ ሰው ሹመቱ ባደገ ቁጥር አዲስ ያስቀርጻል። ስለዚህ የአንዱን ሰው ማኅተሞች በተርታ የደረደረ ተመራማሪ የዕድሜውን መንገድ ያነብባል። በሌላ መጽሐፍ ስሙ የማይገኝ ሰው በእርሳስ ብቻ ይታወቃል።

አሁን ልቤን ወደነካው ልምጣ። በብዙዎቹ ማኅተሞች ላይ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? ጸሎት ነው። «ጌታ ሆይ፣ አገልጋይህን እገሌን እርዳው።» ወይም «ወላዲተ አምላክ ሆይ፣ አገልጋይሽን እርጂው።» በተለይ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት ፊደላቱን በመስቀል ቅርጽ ያያይዟቸዋል። በመስቀሉ አራት ማዕዘን፣ በአራቱ ክፍት ቦታ ላይ፣ «ለአገልጋይህ» የሚለውን ቃል ቆራርሰው ያስቀምጡታል። እኛ ዘንድ ይህ ምንድን ነው? «ለገብርከ» ነው። የብራና መጽሐፍ ገልጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው ወይም ያስጻፈው ሰው ስሙን ሲያስገባ «ለገብርከ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ያ ጳጳስ የእህል ጉዳይም ይጻፍ፣ የሹመት፣ የቄስ ክርክርም ይሁን፣ ደብዳቤውን በዘጋ ቁጥር «ለገብርከ» ይላል። መዶሻው ባረፈ ቁጥር አንድ ጸሎት። እኔ ቁጥር ነበር የማትመው። ያኔ ይህን አውቄ ቢሆን በሆዴ እልባት ነበር።

አንድ ሰው በስም ላንሣ። መቶድዮስ ይባላል። በዚያ ዘመን ቅዱሳት ሥዕላትን የሚያጠፉ ነገሥታት ተነሥተው ነበር። ማኅተም ሳይቀር ምስል አልባ ሆነ፤ መስቀልና ፊደል ብቻ ቀረ። መቶድዮስ ለሥዕላት ስለቆመ ደሴት ላይ መቃብር በሚመስል ጨለማ ውስጥ ለዓመታት ታሰረ። በ843 ሥዕላቱ ሲመለሱ ፓትርያርክ ሆኖ የተሾመው እሱው ነው። በማኅተሙም ላይ እመቤታችንን ልጇን እንደታቀፈች አስቀረጸ። ከሱ በኋላ የመጡት ፓትርያርኮችም በዚያው ቀጠሉ። በሌላው ፊት «በእግዚአብሔር ምሕረት የቁስጥንጥንያ፣ የአዲሲቱ ሮም ሊቀ ጳጳስ» የሚል ይጻፋል። ይህን ሳስብ ያ ሰው ከጨለማ ወጥቶ የመጀመሪያዋን እርሳስ ከመንጋጋው ሲያላቅቃት ይታየኛል። አውራ ጣቱን ምስሏ ላይ አሳርፎ ይሆናል። እኔ ቁጥሬን እንኳ ሁልጊዜ በአውራ ጣቴ ዳስሼ ነው ከመሰላል የምወርደው።

አንዳንድ አንባቢ «እነሱ ኬልቄዶናውያን ናቸው፣ እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ መንገዳችን ተለያይቷል። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ የዚያችው ከተማ ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ ከ398 እስከ 404። በስሙ የሚጠራው ቅዳሴ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ ነው። በግዞት ሆኖ የጻፋቸው ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ደግሞ በ356 ገደማ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱሙ ለኢዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ ጽፏል። ቃሉ በቅዱስ አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ምን ይላል? አባ ሰላማን፣ ፍሬምናጦስን፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ ነው። መርማሪው ደግሞ አርዮሳዊ፣ የወልድን አምላክነት የሚክድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ ሰላማ የኛው ሆነው ቀሩ። ማኅተም የላኪውን ማንነት ይነግረናል፤ የጻፈው ነገር ልክ ይሁን አይሁን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤልዛቤልስ ናቡቴን ያስገደለችው በአክዓብ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ አይደል?

እዚሁ አገራችንም አንድ ደብዳቤ አለ፤ የሰሜን ሸዋ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተጉለት ሳሉ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአባ ዮሐንስ መልእክት ደረሳቸው። ግብፅ ያለው የደብረ ምጥማቅ ገዳም ፈርሷል የሚል። ንጉሡ እጅግ አዘኑ። በዚያው በተጉለት የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን አሠሩና ደብረ ምጥማቅ አሏት። በ1450 ስለ ሰንበት የተደረገው ታላቁ ጉባኤም የተሰበሰበው እዚያው ነው። አስቡት እስቲ። ከእስክንድርያ እስከ ተጉለት፣ በአባይ፣ በበረሃ፣ በዳገት፣ በስንት ሰው እጅ። ንጉሡ «ይህ የአባታችን ቃል ነው» ብለው አምነው ቤተ መቅደስ ሠሩበት። መልእክት ሲታመን እንዲህ ያለ ነገር ያሠራል።

ሳይታመን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በራሴ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ፒንሳዬን ለባልደረባዬ አዋስኩት። ለአንድ ሌሊት ብቻ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ወፍጮ ቤት ቆጣሪው ተከፍቶ እንደገና ታሽጎ ተገኘ። እርሳሷ ላይ ያለው ቁጥር የኔ ነው። ማን ይመነኝ? እኔስ ብሆን አምን ነበር? አምስት ወር ቀና ብዬ አልሄድኩም። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰው እንዴት እንዳያት ከፊቷ አነብብ ነበር። ኋላ ሰውየው ራሱ እውነቱን አወጣ። ይቅር ተባብለናል። ማዋሱ ግን የኔ ጥፋት ነበር፣ አልክደውም። ከዚያ ወዲያ ፒንሳዬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት። ጡረታ ስወጣ ቁጥሩ በሞረድ ሲፋቅ ቆሜ አየሁ። የሮማ ፓፓ ሲያርፍ የእርሳስ ማኅተማቸው መምቻ ይሰበራል ሲባል ስሰማ ለምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። አሁን የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ዕቃ ቤታችን ውስጥ አንድ የናስ ማኅተም አለ። የቀድሞ አለቃ የነበሩት፣ ከኔ አባት በፊት ያረፉት አባት የግል ማኅተም ነው። እጀታው የወይራ ነው፤ መዳፍ አልሶ አልሶ ጠቁሯል። በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል። መሃሉ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን የግዕዝ ፊደል። ቀራጩ ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ ቀርጾ አንዷን «ቤ» መገልበጥ ረስቷታል። ስለዚህ ማኅተሙ ሲመታ ሁሉም ፊደል ቀና ብሎ ሲወጣ «ቤ» ብቻ ጀርባዋን ሰጥታ ትወጣለች። መርጌታችን ሲነግሩኝ፣ ድሮ የርስት ክርክር ሲነሣ ሽማግሌዎች ወረቀቱን ተቀብለው መጀመሪያ የሚፈልጉት ያቺን «ቤ» ነበር። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ስሕተቷን ያርማታላ! እውነተኛው ወረቀት የሚታወቀው በጉድለቱ ነበር።

አዲሱ የጎማ ማኅተም የመጣ ጊዜ «አሮጌው ምን ያደርጋል?» ተባለ። አንድ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ጠራበት። ቄሰ ገበዙ አሻፈረኝ ባይሉ ኖሮ ዛሬ አይኖርም ነበር። ሌላ የማውቀው ደብር ግን የራሱን ሸጧል። ማን እንደሸጠው ማንም አይናገርም። አዲስ አበባ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ መስኮት ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ማኅተሞች በገመድ ተሰክተው አይቻለሁ። የማን እንደሆኑ ሻጩን ብጠይቀው «የቄስ ነው» አለኝ። የቄስ! የየትኛው ቄስ? የየት ደብር? ሰውየው ስሙን ያስቀረጸው እኮ እንዳይጠፋ ነበር።

የአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። አዋጁ ጥሩ ነው። ነገር ግን መዝጋቢ እስኪመጣ ድረስ እኛ ጸሐፊዎቹ ምን እንጠብቃለን? ሥራው የግማሽ ቀን ነው። አሮጌውን ማኅተም በጥሩ ወረቀት ላይ ሦስት አራት ጊዜ ማተም። ማን እንደያዘው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሽማግሌ የሚያስታውሰውን ሁሉ ከጎኑ መጻፍ። ፎቶ ማንሣት፤ ስልክ የሌለው ጸሐፊ ዛሬ የለም። መስበርም መሞረድም አያስፈልግም፤ ናሱ ራሱ ቅርስ ነው። በሁለት ቁልፍ ይቆለፍ፤ አንዱ ከቄሰ ገበዙ፣ አንዱ ከሰበካው ሊቀ መንበር ዘንድ ይሁን። ለማንም አይዋስ፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።

ባለፈው ቅዳሜ የኛን እንዲሁ አደረግነው። መርጌታ ናሱን ከቅዳጁ ፈቱት። ቀለሙን በጥቂቱ ቀቡት፣ ከዚያ እንደ ድሮው እፍ አሉበት። መዝገቡ ላይ አሳርፈው በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ሲያነሡት ሁላችንም ጎንበስ አልን። መስቀሉ ወጥቷል። ዙሪያው ወጥቷል። «ቤ»ም ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ብላለች። ከጎኗ የአባታችንን ስምና ያረፉበትን ዘመን ጻፍኩ፤ አምስት ሰው ፈረመ።

በመጨረሻ እናንተን የምለምነው ይኸውና። የሌላውን ደብር ጸሐፊ በጋዜጣችሁ ጠይቁልኝ፤ ያለውን እያተመ ይላክላችሁና ገጽ ስጡት። ያችን የእርሳስ ማኅተም ደግሞ እንደገና አውጧት። የታየን አንዱ ፊቷ ብቻ ነው፣ እሷ ግን ሁለት ፊት አላት። ሁለቱንም አሳዩን፣ ፎቶዋንም ከፍ አድርጉት። ከተቻለ ከጎን በኩልም ትነሣ። የልጅ ልጄ ክሩ የገባበትን ቀዳዳ ማየት ትፈልጋለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ ቆጣሪ ገጣሚ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ